ባለብዙ መስመር የቢሮ ስልክ አጠቃቀም፤ ለአገልግሎት ሰጪ ጽሕፈት ቤቶች የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

በየጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ባለብዙ መስመር ስልክ ብዙ ቁልፎች አሉት። ይሁን እንጂ በአብዛኛው ጥቅም ላይ የሚውለው እጀታውን ማንሳትና መልሶ ማስቀመጥ ብቻ ነው። የቀሩት ቁልፎች ምንነታቸው ሳይታወቅ ይኖራሉ። በዚህም ምክንያት ባለጉዳይ ወደ ሌላ ክፍል ሲተላለፍ መስመሩ ይቋረጥበታል፤ «አንድ ጊዜ ይጠብቁ» ከተባለ በኋላ ይረሳል፤ ወይም ሠራተኛ ባለበት ክፍል ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም ይላል።

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ኮልፌ 18 ማዞሪያን በመሰለ፣ ታክሲና መንገደኛ በሚበዛበት ሥፍራ የሚገኝ ጽሕፈት ቤት ባለጉዳይ የሚገባበት ሁለት በር አለው ማለት ይቻላል። አንደኛው ወደ መንገዱ የተከፈተው በር ነው፤ ሁለተኛው የስልክ መስመሩ ነው። በመጀመሪያው በር የገባ ባለጉዳይ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይታያል፤ ወረፋው ሲዘገይ ይጠይቃል፤ ሠራተኛውም ፊቱን እያየ ያስታውሰዋል። በስልክ የመጣው ባለጉዳይ ግን አይታይም። ምን ያህል ሰው እንደሚቀድመው አያውቅም፤ የሚሰማው ዝምታ ብቻ ከሆነ መረሳቱንና መጠበቁን ለይቶ ማወቅ አይችልም። የስልኩ መብራቶችና ቁልፎች የተሠሩት ይህን የማይታይ ባለጉዳይ ለሠራተኛው እንዲታይ ለማድረግ ነው።

ጉዳዩ ከአክብሮት ያለፈ ውጤት አለው። ለምሳሌ ልደት በሕግ መመዝገብ ያለበት በ90 ቀናት ውስጥ ነው። ምን ምን ሰነድ ይዛ መምጣት እንዳለባት በስልክ የምትጠይቅ እናት መልስ ካገኘች በአንድ ቀን ጉዳይዋን ትጨርሳለች። መልስ ካጣች አራስ ልጇን ታቅፋ መጥታ፣ አንድ ወረቀት ጎድሎባት፣ ሌላ ቀን ለመመለስ ትገደዳለች። በመስመሩ ላይ የጠፋ ጥሪ ሁሉ የአንድ ሰው የታክሲ ሒሳብ፣ የሥራ ቀንና አንዳንዴም የጊዜ ገደብ ነው።

የቁልፎች ስያሜና አቀማመጥ እንደየስልኩ ሥሪት ይለያያል፤ ከዚህ በታች የተገለጹት ተግባራት ግን በአብዛኞቹ የቢሮ ስልኮች ላይ ይገኛሉ። በስልኮቹ ላይ የሚነበቡት ስያሜዎች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለሆኑ የአማርኛው ትርጉም ከንባባቸው ጋር ቀርቧል።

1. መስመር፣ የውስጥ ቁጥርና የስልክ ቀፎ

እነዚህ ሦስት ነገሮች በአንድ ስም «ስልክ» እየተባሉ ስለሚጠሩ ብዙ መደናገር ይፈጠራል። መስመር የሚባለው ከቴሌኮም አቅራቢው ወደ ጽሕፈት ቤቱ የሚገባውና ሕዝብ የሚያውቀው ቁጥር ነው፤ በአዲስ አበባ በ011 ይጀምርና ሰባት አኃዞች ይከተሉታል። በተለምዶ ኤክስቴንሽን የሚባለው የውስጥ ቁጥር በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ብቻ የሚሠራ አጭር ቁጥር ነው። ቀፎው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ዕቃ ነው። ስለዚህ አሥር ቀፎ ያለው ጽሕፈት ቤት አሥር መስመር አለው ማለት አይደለም። ሦስት መስመር ብቻ ኖሮት አሥሩም ቀፎዎች ሦስቱን እየተጋሩ ሊሠሩ ይችላሉ።

አሠራሩ በሁለት ይከፈላል፤ ሠራተኛው በየትኛው ዓይነት እንደሚገለገል አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

በመጀመሪያው ዓይነት በቀፎው ላይ የተደረደሩት የመስመር ቁልፎች እያንዳንዳቸው አንድ የውጭ መስመር ናቸው። ወደ ውጭ ለመደወል ነፃ የሆነውን መስመር ቁልፍ ተጭኖ ቁጥሩን መምታት ይበቃል።

በሁለተኛው ዓይነት እያንዳንዱ ቀፎ የውስጥ ቁጥር ይኖረዋል። የውጭ መስመር ለማግኘት አንድ መክፈቻ አኃዝ፣ በአብዛኛው 9 ወይም 0፣ አስቀድሞ ይመታል። በመረጃ መረብ ገመድ የሚሠሩት አይፒ ስልኮች ብዙውን ጊዜ ከዚህ ዓይነት ናቸው፤ በአንዳንዶቹ ላይ ግን መክፈቻው አኃዝ እንዲቀር ተደርጎ ይስተካከላል።

ለሕዝብ የተገለጸው አንድ ቁጥር ሆኖ መስመሮቹ ብዙ በሚሆኑበት ጊዜ፣ የመጀመሪያው መስመር ሲያዝ ጥሪው ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ሲያዝ ወደ ሦስተኛው እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል። ይህ አሠራር በሌለበት ጽሕፈት ቤት አንድ ሠራተኛ በዋናው መስመር ወደ ውጭ በደወለ ቁጥር ሕዝቡ የሚሰማው የተያዘ መስመር ድምፅ ነው። ስለዚህ ሠራተኞች ወደ ውጭ ሲደውሉ ከመጨረሻው መስመር እንዲጀምሩ ይመከራል፤ ለሕዝብ የተገለጸው የመጀመሪያው መስመር ለገቢ ጥሪ ክፍት ሆኖ ይቆይ።

2. መብራቶቹ የሚናገሩት

በእያንዳንዱ የመስመር ቁልፍ አጠገብ ያለው ትንሽ መብራት የመስመሩን ሁኔታ ያሳያል። ቀለሙና ፍጥነቱ እንደየሥሪቱ ቢለያይም የተለመደው ትርጉም የሚከተለው ነው።

- መብራቱ ከጠፋ መስመሩ ነፃ ነው።
- ሳያቋርጥ ከበራ በመስመሩ ላይ ንግግር አለ።
- ከጥሪ ድምፅ ጋር ብልጭ ድርግም ካለ አዲስ ጥሪ እየገባ ነው።
- የጥሪ ድምፅ ሳይኖር ብልጭ ድርግም ካለ በመስመሩ ላይ እንዲቆይ የተደረገ ባለጉዳይ አለ።

ከእነዚህ ሁሉ ትኩረት የሚሻው የመጨረሻው ነው። ድምፅ ሳያሰማ የሚርገበገብ መብራት በሌላው ጫፍ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ የሚጠብቅ ሰው መኖሩን ያመለክታል። ማንኛውም ሠራተኛ፣ ያቆየው ባልደረባው ቢሆንም እንኳ፣ እንዲህ ያለውን መብራት ባየ ጊዜ «ይህ መስመር የማን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል።

በሌላ በኩል ሳያቋርጥ የበራ መስመርን መጫን በሌላ ሰው ንግግር መካከል መግባት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ስልኮች ይህን ይከለክላሉ፤ ሌሎች ግን ይፈቅዳሉ። ስለሆነም እጀታ ከማንሳት በፊት መብራቶቹን መመልከት ልማድ መሆን አለበት።

3. ጥሪ መቀበል

ጥሪ ከሦስተኛው ደወል በፊት ቢነሳ መልካም ነው። ሠራተኛው እጀታውን አንስቶ፣ ስልኩ ራሱ መስመሩን የማይመርጥ ከሆነ የሚርገበገበውን ቁልፍ ይጫናል። ከሰላምታ ቀጥሎ የጽሕፈት ቤቱንና የክፍሉን ስም ይናገራል፤ «ጤና ይስጥልኝ፤ የነዋሪነት አገልግሎት ክፍል ነው፤ ምን እንርዳዎ?» የሚለው በቂ ነው። «ሃሎ» ብቻ ብሎ መጀመር ባለጉዳዩን የት እንደደወለ ወደ መጠየቅ ይመራዋል። አነጋገሩ ዕድሜና ማዕረግ ሳይለይ በ«እርስዎ» ይሁን። የማይታየውን ሰው በድምፁ ብቻ ወጣት ነው ብሎ ማንጓጠጥ አይገባም።

በንግግር ላይ እያሉ ሁለተኛ ጥሪ ቢመጣ የመጀመሪያውን ባለጉዳይ ፈቃድ ጠይቆ ማቆየት፣ ሁለተኛውን አንስቶ ስሙንና ቁጥሩን መዝግቦ መልሶ እንደሚደወልለት መንገር፣ ከዚያም ወደ መጀመሪያው መመለስ ይቻላል። የመስመር ቁልፍ ሲለወጥ ማቆያውን አስቀድሞ መጫን አይዘንጋ፤ በአንዳንድ ስልኮች ሌላ መስመር መጫን የነበረውን ጥሪ በቀጥታ ይዘጋዋል።

4. ጥሪ ማቆየት

«ሆልድ» የሚለው ቁልፍ መስመሩን ሳይዘጋ ንግግሩን ያቆማል። ባለጉዳዩ ክፍሉ ውስጥ የሚነገረውን አይሰማም። ሥርዓቱ ሙዚቃ ወይም የቆይታ ድምፅ ካለው እርሱን ይሰማል፤ ከሌለው ዝምታ ይሆናል። ወደ ባለጉዳዩ ለመመለስ የሚርገበገበውን የመስመር ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል።

እጀታውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መነሳት ማቆየት ሊባል አይችልም። ክፍት የቀረው እጀታ የሠራተኞችን ጨዋታ፣ የሌላ ባለጉዳይ ስምና ጉዳይ ሳይቀር ወደ ውጭ ያስተላልፋል።

በማቆየት ረገድ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው።

1. ከማቆየት በፊት ምክንያቱን መናገር፤ «መዝገቡን እስካይ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁኝ?»
2. የተባለው ጊዜ ሲደርስ ሥራው ባያልቅም ተመልሶ መናገር።
3. ጊዜው የሚረዝም ከሆነ ቁጥሩን ተቀብሎ መልሶ መደወል። ብዙ ባለጉዳዮች የሚደውሉት ከሞባይል ስለሆነ እየጠበቁ የሚቆዩት ከኪሳቸው እየከፈሉ ነው።

ብዙዎቹ ሥርዓቶች የቆየ ጥሪ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ራሱ እንዲጮኽ ማድረግ ይችላሉ። ጊዜውን የሚወስነው ሥርዓቱን የሚያስተካክለው ባለሙያ ስለሆነ ጽሕፈት ቤቱ ይህ አገልግሎት እንዲከፈትለት መጠየቅ ይገባዋል።

5. ጥሪ ማስተላለፍ

ባለጉዳይ ከሚጠፋባቸው ምክንያቶች ዋነኛው የተሳሳተ ማስተላለፍ ነው። ማስተላለፍ ሁለት ዓይነት አለው።

ሳይነጋገሩ ማስተላለፍ። «ትራንስፈር» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ፣ የውስጥ ቁጥሩን መትቶ፣ የሚቀበለው ሰው ሳያነሳ እጀታውን ማስቀመጥ ወይም ቁልፉን እንደገና መጫን ነው። ፈጣን ቢሆንም ተቀባዩ ከቦታው ከሌለ ባለጉዳዩ በባዶ ክፍል ውስጥ ለሚጮኽ ስልክ ተላልፎ ይሰጣል።

ተነጋግረው ማስተላለፍ። ለሕዝብ አገልግሎት የሚመከረው ይህኛው ነው። ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው።

1. ለባለጉዳዩ ወደ ማን እንደሚተላለፍና የውስጥ ቁጥሩን ይንገሩ፤ መስመሩ ቢቋረጥ በቀጥታ እንዲጠይቅ ይረዳዋል።
2. «ትራንስፈር» የሚለውን ይጫኑ፤ ባለጉዳዩ በራሱ ይቆያል።
3. የባልደረባዎን የውስጥ ቁጥር ይምቱና እስኪያነሳ ይጠብቁ።
4. ስሙንና ጉዳዩን በአጭሩ ይንገሩት፤ «የልደት ምዝገባ የሚጠይቁ እናት ናቸው፤ የሆስፒታል ማስረጃ አላቸው።» በዚህ መንገድ ባለጉዳይዋ ታሪኳን ከመጀመሪያው መድገም አያስፈልጋትም።
5. ባልደረባዎ እሺ ካለ «ትራንስፈር» የሚለውን እንደገና ይጫኑ ወይም እጀታውን ያስቀምጡ።
6. ካልተነሳ እጀታውን ሳያስቀምጡ የሚርገበገበውን መስመር ተጭነው ወደ ባለጉዳዩ ይመለሱ፤ መልእክት ይቀበሉ።

ጥሪ በብዛት የሚቋረጠው በስድስተኛው ነጥብ ላይ ነው። ያልተነሳን ስልክ «ልዝጋው» ብሎ እጀታውን ማስቀመጥ ባለጉዳዩን ወደሌለ ሰው ያስተላልፈዋል ወይም ያቋርጠዋል።

የማስተላለፊያ ቁልፍ በሌላቸው ተራ ቀፎዎች ላይ ይህ ተግባር የሚከናወነው «ፍላሽ» በሚባለው ቁልፍ ነው። ይህም ከሌለ የእጀታውን ማረፊያ በጣት ነካ አድርጎ በመልቀቅ ይፈጸማል። ንክኪው ከግማሽ ሰከንድ ያልበለጠ መሆን አለበት፤ ተጭኖ ከቆየ ሥርዓቱ እንደመዝጋት ይቆጥረዋል። «ፍላሽ» ቁልፍ ባለበት ሁሉ እርሱን መጠቀም አስተማማኝ ነው።

አንድ ባለጉዳይ ከአንድ ጊዜ በላይ ባይተላለፍ ይመረጣል። ሁለተኛው ተቀባይም ጉዳዩ የእርሱ ካልሆነ ራሱ አጣርቶ መልሶ ቢደውልለት የተሻለ ነው።

6. የሦስትዮሽ ንግግር

«ኮንፈረንስ» የሚለው ቁልፍ ሦስተኛ ሰው ወደ ንግግሩ ያስገባል። ከባለጉዳዩ ጋር እየተነጋገሩ ቁልፉን መጫን፣ የሚፈለገውን ቁጥር መምታት፣ ሲነሳ ጉዳዩን አስረድቶ ቁልፉን እንደገና መጫን ሦስቱን ያገናኛል። ሁለት ክፍሎች እየተወራወሩበት ያለ ባለጉዳይ ሲያጋጥም ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማነጋገር ጉዳዩን በአንድ ጥሪ ይፈታል። የቋንቋ እርዳታ ለሚያስፈልገው ባለጉዳይም ቋንቋውን የሚያውቅ ባልደረባ በዚሁ መንገድ ማስገባት ይቻላል። በመስመሩ ላይ ሌላ ሰው መኖሩን አስቀድሞ ለባለጉዳዩ መንገር ግዴታ ነው።

7. ጥሪ ማዞርና የሥራ ሰዓት

ሠራተኛው ከጠረጴዛው ሲለይ ወደ እርሱ የሚመጡ ጥሪዎች ወደ ሌላ ቁጥር እንዲሄዱ የሚያደርገው «ፎርዋርድ» የሚለው ነው። ሦስት ዓይነት አሠራር አለው፦ ሁሉንም ጥሪ ማዞር፣ መስመሩ ሲያዝ ብቻ ማዞር፣ ሳይነሳ ሲቀር ብቻ ማዞር። ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የመጨረሻው የተሻለ ነው፤ ሠራተኛው ካለ ራሱ ያነሳል፤ ከሌለ ጥሪው ወደ ባልደረባው ያልፋል።

«ሁሉንም» የሚለው የተመረጠ እንደሆነ ሲመለሱ ማጥፋት አይረሳ። ስልክ አልጮኽ ብሎኛል ተብሎ ጥገና ከመጠራቱ በፊት በማሳያው ላይ የማዞሪያ ምልክት መኖሩን ማየት ብዙ ድካም ያስቀራል። ሁለት ሠራተኞች አንዳቸው ወደ ሌላው ካዞሩም ጥሪው መድረሻ ያጣል።

የውጭ ጥሪን ወደ ሞባይል ማዞር በብዙ ሥርዓቶች ሁለት የውጭ መስመር ይይዛል፤ አንዱ ለገባው፣ ሌላው ለወጣው። መስመራቸው ጥቂት የሆነ ጽሕፈት ቤቶች ይህን በቁጠባ ሊጠቀሙበት ይገባል።

በተለመደው የመንግሥት የሥራ ሰዓት ጠዋት ከ2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት በኋላ ከ7፡30 እስከ 11፡30 ይሠራል፤ ዓርብ ዕለት ግን የጠዋቱ ሥራ በ5፡30 ያበቃል። የምሳ ሰዓት ማዞሪያ በራሱ እንዲሠራ የተደረገ ከሆነ የዓርቡ ልዩነት መካተቱን ማረጋገጥ ይገባል፤ ካልተካተተ በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ያህል ስልኩ በባዶ ክፍል ይጮኻል።

8. የባልደረባን ጥሪ ማንሳትና «አትረብሹኝ»

በአቅራቢያ ያለ ጠረጴዛ ላይ ስልክ ሲጮኽ ተነስቶ መሄድ አያስፈልግም። «ፒክአፕ» የሚለው ቁልፍ ወይም ለዚሁ የተመደበው አጭር ቁጥር ጥሪውን ወደ ራስ ቀፎ ያመጣዋል። ይህ እንዲሠራ ቀፎዎቹ በአንድ ቡድን መመዝገብ አለባቸው። አንድ ክፍል ያሉ ሠራተኞች ሁሉ በአንድ ቡድን ቢሆኑ፣ ሰው ባለበት ክፍል ሳይነሳ የሚቀር ጥሪ አይኖርም።

«ዲኤንዲ» ተብሎ የተጻፈው ቁልፍ «አትረብሹኝ» ማለት ነው፤ ሲጫን ቀፎው አይጮኽም። ለስብሰባ ይጠቅማል፤ ሕዝብ በሚደውልበት ዋና ቀፎ ላይ ግን ሊበራ አይገባም።

9. ድምፅ መዝጊያ፣ ድምፅ ማጉያና የባለጉዳይ ምስጢር

«ሚዩት» የሚለው ቁልፍ የሠራተኛው ድምፅ ወደ ውጭ እንዳይሄድ ያደርጋል፤ የባለጉዳዩ ድምፅ ግን መሰማቱን ይቀጥላል። ሳል ወይም የክፍል ጫጫታ ለመከላከል ይጠቅማል። ሆኖም በማቆያ ምትክ ሊያገለግል አይገባም፤ ባለጉዳዩ «ሃሎ፣ ሃሎ» እያለ መቅረቱ አይቀርም። ቁልፉ መያዙን ሳያረጋግጡ ስለ ባለጉዳዩ ማውራትም ለጽሕፈት ቤቱ የሚያሳፍር ውጤት ያመጣል።

«ስፒከር» የሚለው ድምፁን በክፍሉ ሁሉ ያሰማል። ሌሎች ባለጉዳዮች ተቀምጠው በሚጠብቁበት ክፍል ይህን መክፈት የአንድን ሰው ፍቺ፣ ሕመም፣ ዕዳ ወይም ውርስ ለማያውቃቸው ሰዎች ማሳወቅ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በስልክ የሚደረግ ግንኙነትንም ጭምር፣ ከመደፈር ይጠብቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዙ አካላት በጥንቃቄ እንዲይዙ ያስገድዳል። ስለሆነም ድምፅ ማጉያ የሚከፈተው በሩ ተዘግቶ፣ ባለጉዳዩም አውቆ ሲስማማ ብቻ ነው። የመታወቂያ ወይም የስልክ ቁጥር ሲረጋገጥም ሠራተኛው ጮኽ ብሎ ከማንበብ ይልቅ ባለጉዳዩ እንዲናገር አድርጎ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር ይኖርበታል።

10. ያልተነሱ ጥሪዎች፣ የድምፅ መልእክትና ሰዓት

ማሳያ ያላቸው ስልኮች ያልተነሱ ጥሪዎችን ከነቁጥራቸው ይመዘግባሉ። ጠዋት ሥራ ሲጀመርና ከምሳ ሲመለሱ ይህን ዝርዝር ከፍቶ መልሶ መደወል መደበኛ ተግባር ሊሆን ይገባዋል። የድምፅ መልእክት ያለው ስልክ ላይ አዲስ መልእክት ሲኖር ምልክቱ ይበራል። የሰላምታ ቃሉ የጽሕፈት ቤቱን ስም፣ የሥራ ሰዓቱንና ባለጉዳዩ ሊናገር የሚገባውን፣ ማለትም ስምን፣ ቁጥርንና ጉዳዩን፣ በአጭሩ ይግለጽ።

በዚህ ረገድ የሰዓት አቆጣጠር ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። የስልኩ ማሳያ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው የጎርጎርዮሳውያንን ቀንና ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠረውን ሰዓት ነው። በሥራ ሰዓት ውስጥ ካሳየው ሰዓት ላይ 6 ሲቀነስ የእኛ ሰዓት ይገኛል። ማሳያው 09፡00 ካለ ከጠዋቱ 3፡00፣ 14፡30 ካለ ከቀኑ 8፡30 ነው። መልእክት የሚመዘግብ ሠራተኛ ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለውጦ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚል ቃል ጨምሮ ይጻፍ። ለባለጉዳይ ቀጠሮ ሲሰጥም «በ3 ሰዓት» ብቻ ብሎ መተው፣ በተለይ ከውጭ አገር ለሚደውሉ ኢትዮጵያውያን፣ ቀጠሮ ያሳልፋል።

11. ኃይል ሲቋረጥና አስቸኳይ ሁኔታ ሲያጋጥም

በመዳብ ሽቦ የሚሠራ ተራ ስልክ የሚያስፈልገውን ኃይል፣ 48 ቮልት ገደማ፣ የሚያገኘው ከቴሌኮም ጣቢያው በሽቦው በኩል ነው። ስለዚህ በሕንፃው መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ባለብዙ መስመር ማዕከላትና አይፒ ስልኮች ግን የሕንፃውን ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ፤ መብራት ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። ጽሕፈት ቤቱ የስልክ ማዕከሉንና የመረጃ መረብ መሣሪያውን በመጠባበቂያ ባትሪ ላይ ማድረግ ይጠበቅበታል። የመዳብ መስመር ካለውም አንድ ተራ ቀፎ በቀጥታ ከመስመሩ ጋር ማገናኘት ይበጀዋል።

አስቸኳይ ጥሪን በተመለከተ እያንዳንዱ ሠራተኛ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። በአዲስ አበባ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳትና አደጋ 939 ናቸው፤ ሁሉም በ9 ይጀምራሉ። የውጭ መስመር መክፈቻው 9 በሆነበት ጽሕፈት ቤት 907ን በቀጥታ የመታ ሰው የመጀመሪያው 9 መስመር ለመክፈቻ ይውልበትና ወደ ውጭ የሚሄደው «07» ብቻ ይሆናል፤ አምቡላንሱም አይገኝም። በእንዲህ ያለ ሥርዓት 9 907፣ 9 991፣ 9 939 ተብሎ መመታት አለበት። ይህ በየቀፎው ላይ በጉልህ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ሥርዓቱን የሚያስተካክለው ባለሙያም ሦስቱ ቁጥሮች ያለመክፈቻ እንዲወጡ ማድረግ ይችል እንደሆነ ይጠየቅ። በድንጋጤ ሰዓት ደንብ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

12. ጽሕፈት ቤቱ ሊያሟላ የሚገባው

ቁልፎቹን አንድ ሰው ብቻ ማወቁ በቂ አይደለም፤ ያ ሰው በተዛወረ ቀን እውቀቱ አብሮት ይሄዳል። ስለሆነም የሚከተሉት ይመከራሉ።

- በእያንዳንዱ ቁልፍ አጠገብ ትርጉሙ በአማርኛ ተጽፎ ይለጠፍ።
- የውስጥ ቁጥሮች ዝርዝር በሰው ስም ብቻ ሳይሆን በሥራ ክፍል ተዘጋጅቶ በየጠረጴዛው ይቀመጥ፤ ዝውውር በተደረገ ቁጥር ይታረም።
- አዲስ ሠራተኛ ሥራ ሲጀምር ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ማቆየት፣ ተነጋግሮ ማስተላለፍ፣ ካልተነሳ መመለስና የሦስትዮሽ ንግግርን በተግባር ይለማመድ። ልምምዱ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።
- በየሳምንቱ አንድ ሠራተኛ ከሞባይሉ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ዋና ቁጥር ይደውል፤ በስንተኛው ደወል እንደተነሳ፣ ሲቆይ ምን እንደሰማ፣ ሲተላለፍ ደርሶ እንደሆነ ይመዝግብ።
- የማይሠራ መስመር ሲኖር ለቴሌኮም አቅራቢው ይመዝገብ፤ እስኪጠገንም ለሕዝቡ የተገለጸው ቁጥር ወደሚሠራ መስመር እንዲዞር ይደረግ።

ማጠቃለያ

በኢትዮጵያ የስልክ ታሪክ የሚጀምረው እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም.፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባንና ሐረርን ለማገናኘት በተዘረጋው መስመር ነው። ያ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር፤ የተዘረጋውም የብዙ ቀን መንገድ የሚርቅን ሰው ጉዳይ በተቀመጠበት ለመስማት ነው። ዛሬ በኮልፌ 18 ማዞሪያ ያለ ጽሕፈት ቤትን ከባለጉዳዩ የሚለየው ርቀት አጭር ነው፤ ለታመመ፣ ለአረጋዊ፣ ሕፃን ለታቀፈች እናትና ከቀን ሥራው ለማይቀር ሰው ግን አሁንም ሩቅ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚደውሉት መምጣት ስለሚከብዳቸው ነው። የሚርገበገበውን መብራት አይቶ የሚመለስ ሠራተኛ ያንን መንገድ ያሳጥርላቸዋል።